የፔሪያር ሐይቅ፦ በኬረላ የተኛ፣ በታሚል ናዱ የሚታዘዝ ውኃ

በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ክፍለ ግዛት፣ ቴካዲ ከሚባለው ሥፍራ የሚነሣው የጎብኚዎች ጀልባ ብዙም ሳይርቅ በሐይቁ መካከል ቀጥ ብለው የቆሙ ጥቋቁር ግንዶች ይገጥሙታል። ቅጠል የላቸውም፤ ቅርፊታቸውም ከተላጠ ዘመን አልፏል። አንዳንዶቹ ከውኃው በላይ ክንድ ያህል ብቻ ብቅ ብለዋል፤ ሌሎቹ የጀልባውን ጣሪያ ይስተካከላሉ። ከአንዱ ግንድ ጫፍ ላይ አንገቷ እንደ እባብ የሚጥመለመል ዓሣ አዳኝ ወፍ ክንፎቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ትታያለች። የዚህች ወፍ ላባ እንደ ዳክዬ ላባ ውኃ አይመልስም፤ ይርሳል። መራሱ ሰውነቷን ስለሚያከብደው ጠልቃ ዓሣ ለማሳደድ ይጠቅማታል፤ ከወጣች በኋላ ግን ላባዋን የምታሰጣበት ቦታ ያስፈልጋታል። የምታሰጣው በእነዚህ ግንዶች ላይ ነው።

ግንዶቹ ሐይቁ ከመፈጠሩ በፊት ሸለቆውን ይሸፍን የነበረው ደን ቅሪት ናቸው። በ1895 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግድቡ ተጠናቆ ውኃው ወደ ኋላ መተኛት ሲጀምር፣ ዛፎቹ እንደቆሙ ሰጠሙ። ወሩ ጥቅምት ነበርና ከዐድዋ ጦርነት በአምስት ወር ገደማ የቀደመ ነው። ስለዚህ ተፈጥሮን ለማየት ወደ ቴካዲ የሚሄድ ሰው የሚንሳፈፈው በሰው እጅ በተሠራ፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ባልነበረ ሐይቅ ላይ ነው። ሐይቁ የተኛው በኬረላ መሬት ላይ ሲሆን፣ ግድቡን የሚያስተዳድረውና ውኃውን የሚወስደው ግን ጎረቤቱ ታሚል ናዱ ነው። ዙሪያውን የሚጠብቀው የኬረላ የደን መሥሪያ ቤት ነው፤ ውኃው እስከ የት ከፍ እንዲል እንደሚፈቀድ የወሰነው ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ይህን ሳያውቁም ቴካዲን አይቶ መደሰት ይቻላል፤ ነገር ግን ዝሆኖቹ ለምን በዚያ ወራት በዚያ ዳርቻ እንደሚገኙ፣ የአካባቢው ሰውም ዝናብ በበረታ ሌሊት ለምን እንቅልፍ እንደሚያጣ አይገባንም።

ነገሩ የሚጀምረው ከተራራው ነው። የምዕራብ ጋትስ ተራሮች የህንድን ምዕራባዊ ጠረፍ ተከትለው ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ይዘረጋሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከዐረብ ባሕር የሚነሣው እርጥብ ነፋስ እነዚህን ተራሮች ሲገጥም ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውንም ዝናብ በምዕራቡ ገጽ ላይ ያራግፋል። ወደ ምሥራቁ ገጽ ሲሻገር ደመናው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት ኬረላ ዓመቱን በአብዛኛው ለምለም ሆና ስትኖር፣ ከተራራው ጀርባ ያለው የታሚል ናዱ ሜዳ ደረቅ ነው። የኬረላ ረጅሙ ወንዝ ፔሪያር 244 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ ዐረብ ባሕር ይገባል፤ በሌላው ወገን የማዱራይን ከተማ አቋርጦ ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው ቫይጋይ ደግሞ የዓመቱን ብዙ ጊዜ አሸዋው ገጥጦ የሚታይ ወንዝ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ የተራራ ጀርባ ብቻ ነው።

ያን ጀርባ በስቶ የፔሪያርን ውኃ ወደ ቫይጋይ የመመለስ ሐሳብ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል። ሥራ ላይ እንዲውል ያስገደደው ከ1876 እስከ 1878 የዘለቀው ታላቁ ረሃብ ነው። በወቅቱ ማድራስ ተብሎ ይጠራ የነበረውን የእንግሊዝ ግዛት የመታው ይህ ረሃብ ሚሊዮኖችን ፈጅቷል፤ የማዱራይ አውራጃም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። እኛም ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ በክፉ ቀን ያየነውን ስለምናውቅ፣ ለተራበ አገር ውኃ ምን ማለት እንደሆነ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገንም። ችግሩ ግን ግድቡ የሚሠራበት ሸለቆ የእንግሊዝ አለመሆኑ ነበር። ሸለቆው የትራቫንኮር ንጉሥ ግዛት ነበር፤ ትራቫንኮር ደግሞ በእንግሊዝ የበላይነት ሥር ብትሆንም የራሷ መንግሥት የነበራት አገር ነች።

ስለዚህ በጥቅምት 1886 ውል ተፈረመ። ትራቫንኮር 8,000 ኤከር የሚያህል መሬት ለ999 ዓመታት በሊዝ ለእንግሊዝ መንግሥት ሰጠች፤ በለውጡ በየኤከሩ አምስት ሩፒ፣ በድምሩ በዓመት 40,000 ሩፒ ኪራይ እንዲከፈላት ተስማማች። የመሬቱ ወሰን የተመለከተው በአጥርና በድንጋይ ምልክት አልነበረም፤ ውኃው ከወንዙ አልጋ በላይ 155 ጫማ ቢሞላ የሚሸፍነው መሬት ሁሉ በሚል ነበር። ይህን ነጥብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዛሬም ድረስ በፔሪያር ጉዳይ ላይ የሚነሣው ንግግር ሁሉ በጫማ የሚለካ ነው። የቴካዲ የሻይ ቤት ደንበኛ ስለ ሐይቁ ሲያወራ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ እንዳለ አይናገርም፤ «ዛሬ 136 ደርሷል» ነው የሚለው።

በ1947 ህንድ ነፃ ስትወጣ እንግሊዝ ሄደች፣ ትራቫንኮርም እንደ መንግሥት ቀረች፤ በ1956 ክፍለ ግዛቶቹ በቋንቋ ሲዋቀሩ መሬቱ የማላያላም ተናጋሪዋ የኬረላ ሆነ፣ የማድራስ መብትና ግዴታ ደግሞ በኋላ ታሚል ናዱ ለተባለው ክፍለ ግዛት ተላለፈ። ውሉ ግን አልተቀደደም። በ1970 ሁለቱ ክፍለ ግዛቶች አድሰውት ኪራዩ በኤከር ወደ 30 ሩፒ ከፍ አለ፤ ታሚል ናዱም ከውኃው ኤሌክትሪክ የማመንጨት መብቷ በጽሑፍ ጸና። ብዙ የኬረላ ሰው ውሉን የሚያየው በግዴታ እንደተጫነ የቅኝ ግዛት ዕዳ አድርጎ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ስሜት መሠረት የለውም ሊባል አይችልም፤ ለሺህ ዓመት አንድ ዓመት የጎደለው ውል በእኩል አቅም ያሉ ሁለት ወገኖች ተወያይተው የሚደርሱበት ነገር አይመስልም። በሌላ በኩል ደግሞ ባለፉት 130 ዓመታት በዚያ ውኃ የተተከለው ሩዝ፣ የተመሠረተው መንደር፣ የተወለደው ሰው እውነተኛ ነው፤ ውሉ ፍትሐዊ አልነበረም ተብሎ ብቻ ውኃው ሊቋረጥበት አይችልም።

ግድቡ የተሠራው ሙላያር የሚባለው ወንዝ ከፔሪያር ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ስለሆነ ሙላፔሪያር ተባለ። ሥራውን የመራው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ የነበረው ጆን ፔኒኩዊክ ነው። ሥራው በ1887 ተጀምሮ ስምንት ዓመት ፈጀ። ቦታው መንገድ የሌለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር፤ ወንዙ በክረምት እየሞላ ጊዜያዊ መከላከያዎቹን ደጋግሞ ጠራርጎ ወስዷል፤ ወባ ደግሞ ብዙ ሠራተኞችን ገድሏል፤ በግድቡ አጠገብ የሟቾቹ መቃብር ዛሬም አለ። ግድቡ ከመሠረቱ 53.6 ሜትር ከፍታና ወደ 366 ሜትር ርዝመት አለው። ሲሚንቶ በዚያ አካባቢ ባልተለመደበት ዘመን የተሠራ በመሆኑ ድንጋዩን ያያዘው ከኖራና በደንብ ተጠብሶ ከተፈጨ ሸክላ ዱቄት የተቦካ ጭቃ ነው። ህንዶች ይህን ዱቄት ሱርኪ ይሉታል። ውኃውን የሚያቆመው የራሱ ክብደት ነው፤ እንደ ቅስት ጎብጦ ግፊቱን ወደ ተራራው አያስተላልፍም፣ ሲሠራም ውስጡ ብረት አልገባበትም። ክብደቱ እስካለና ከሥሩ እስካልተንሸራተተ ይቆማል። ይህ የአሠራሩ ጥንካሬ ነው፤ በኋላ የመጣው ጥርጣሬም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ ምክንያቱም ኖራው ባለፉት ዓመታት በስርገት እየሟሟ ከወጣ ክብደቱም አብሮ ይቀንሳል።

አሁን ጎብኚው ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት ነገር ላይ ደረስን። አብዛኞቻችን ግድብ ሲባል ውኃው በግድቡ በኩል ወደ ታች ተለቅቆ ተርባይን ያዞራል፣ ከዚያም በወንዙ አልጋ ይቀጥላል ብለን ነው የምናስበው። ሙላፔሪያር እንዲህ አይደለም። ግድቡ ወንዙን የሚደፍን ክዳን ብቻ ነው፤ ከጎኑ ያለው የጎርፍ ማስተንፈሻም የሚከፈተው ሐይቁ ከልኩ ሲያልፍ ነው። ውኃው በዘወትር የሚወጣው በሐይቁ ሌላ ጫፍ፣ በቴካዲ በኩል ነው። እዚያ በተቆፈረ ቦይ ገብቶ፣ ከ1.7 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ፣ በታሚል ናዱ በኩል ይወጣል። ከዚያ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ፣ ሎወር ካምፕ በሚባለው ሥፍራ ያለውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ አዙሮ፣ ሱሩሊያር በተባለው ገባር ወደ ቫይጋይ ይቀላቀላል። ቴኒን፣ ዲንዲጉልን፣ ማዱራይን፣ ሲቫጋንጋንና ራማናታፑራምን፣ አምስት አውራጃዎችን የሚያጠጣው ይኸው ነው። ወደ ምዕራብ ይፈስ የነበረ ወንዝ ጀርባውን አዙሮ ወደ ምሥራቅ ሄደ ማለት ነው። ጎብኚው ጀልባ የሚሳፈርበት ወደብ ውኃው አገር ለቆ ከሚወጣበት በር አጠገብ ነው፤ ግድቡ ራሱ ግን ከዚያ ርቆ በደን ውስጥ ስላለና ለሕዝብ ክፍት ስላልሆነ አይታይም።

የዋሻው አፍ የሚጀምረው ከፍ ካለ ቦታ ነው። የውኃው ደረጃ ከ104 ጫማ በታች ከወረደ ወደ ዋሻው ምንም አይገባም። በሌላ አነጋገር፣ ታሚል ናዱ የቱንም ያህል ቢጠማት ከዚያ በታች ያለውን ውኃ መውሰድ አትችልም። ሐይቁ ሙሉ ሲሆን ከሚይዘው 443 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውስጥ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው በዚህ ምክንያት ባለበት ይቀራል። ይህን ያሰበው መሐንዲስ ስለ ዝሆን ብሎ አልነበረም፤ ተራራውን ዝቅ አድርጎ መብሳት ረጅምና ውድ ዋሻ ስለሚጠይቅ ነው። ውጤቱ ግን በድርቅ ዓመትም ቢሆን የማይነጥፍ ውኃ በደኑ መካከል መኖሩ ሆነ። የፔሪያር እንስሳት ዕድል የተወሰነው በዚህ የምሕንድስና ስሌት ነው ብዬ አምናለሁ።

በበጋው መጨረሻ፣ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ ውኃው ሲሸሽ በደኑና በሐይቁ መካከል ቀይ ቡናማ የአፈር መቀነት ይገለጣል። አፈሩ ለወራት በውኃ ሥር ስለቆየ ለስላሳና እርጥብ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለጋ ሣር ያበቅላል። በደኑ ውስጥ ያሉ ኩሬዎችና ጅረቶች በዚያ ወራት ስለሚደርቁ ዝሆኖች ግልገሎቻቸውን ይዘው ለመጠጣት ይወርዳሉ፣ ሣሩንም ይግጣሉ። ግልገሎቹ በመንጋው መካከል ይሄዳሉ፤ እናቶቹ ውኃው አፍ ላይ ሲደርሱ አፈሩን በእግራቸው እየጫኑ ይፈትሹታል። ጋውር የሚባለው ግዙፉ የህንድ የዱር ከብት እና ሳምባር የተባለው ትልቅ አጋዘንም በዚያው ዳርቻ ይታያሉ። ክረምት ገብቶ ሐይቁ ሲሞላ ይህ መቀነት ተመልሶ ይሰጥማል፤ እንስሳቱም በደኑ ውስጥ ውኃ በየቦታው ስለሚያገኙ ወደ ዳርቻው የመውረድ ምክንያት አይኖራቸውም። በሐምሌ ጀልባ ተሳፍሮ «ምንም አላየሁም» ብሎ የሚመለስ ሰው ዕድለ ቢስ ሆኖ አይደለም፤ የመጣው እንስሳቱ ሐይቁን በማይፈልጉበት ወቅት ነው።

ደኑ ጥበቃ የተደረገለት ቀደም ብሎ ነው። ግድቡ በተመረቀ በአራተኛው ዓመት፣ በ1899፣ በሐይቁ ዙሪያ ያለው ደን ተከለለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዛፉ ከተመነጠረ አፈሩ ታጥቦ ሐይቁን ይደፍነዋል። በ1934 የትራቫንኮር ንጉሥ የዱር እንስሳት መጠለያ አድርጎ ሰየመው፤ በ1950 ተስፋፋ፤ በ1978 ደግሞ በህንድ የታይገር ጥበቃ ፕሮጀክት ውስጥ ገባ። ዛሬ የጥብቅ ሥፍራው ስፋት 925 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሐይቁ ከዚያ ውስጥ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉን ይይዛል። በ2012 ዩኔስኮ የምዕራብ ጋትስን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የፔሪያር ደንም አብሮ ተካትቷል። ታይገር ስንል በእኛ አገር ነብር የምንለውን ባለ ነጠብጣብ አውሬ ሳይሆን ባለ ሽንትሩን ማለታችን ነው፤ ሁለቱም ፔሪያር ውስጥ አሉ። ይሁን እንጂ በጀልባ የሚሄድ ሰው ታይገር የማየት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ለእሱ ብቻ የሚጓዝ ቢቀር ይሻለዋል። ይልቅ በዛፎቹ አናት ላይ የሚዘለውን ጥቁሩን የኒልጊሪ ላንጉር ማየት ለእኛ የተለየ ደስታ አለው፤ የእኛ ጉሬዛ የቅርብ ዘመድ ነውና፣ አቀማመጡና ጅራቱን ቁልቁል ለቆ ቅጠል ሲበላ ያለው ሁኔታ ወዲያው ያስታውሳል።

ስለ ደኑ ጥበቃ ሲነገር ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው የሰዎቹ ታሪክ ነው። በዚህ ደን ውስጥ ማናንና ፓሊያን የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ከግድቡ በፊት ይኖሩ ነበር፤ ጥበቃው እየጠበቀ ሲሄድ ከደኑ ወጥተው በቴካዲ አጠገብ ባለችው በኩሚሊ ከተማ ዳር ሰፈሩ። ኑሮ ሲጠብባቸው እነሱም ሌሎች የአካባቢው ድሆችም ወደ ደኑ ተመልሰው በድብቅ የዱር ቀረፋ ቅርፊት መላጥ፣ ሰንደል መቁረጥና እንስሳ ማደን ውስጥ የገቡበት ጊዜ ነበር። ቅርፊት የሚልጠው ሰው ዛፉን ስለሚገድለው ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደ ፕሮጀክት የደን መሥሪያ ቤቱ ከእነዚህ ሰዎች ጋር መነጋገር መረጠ፦ ተከሰውበት የነበረው ጉዳይ እንዲቀርላቸው፣ እነሱም ማደኑን ትተው የደኑን ጎዳናዎች የሚያውቁበትን ዕውቀት ለጥበቃና ለጉብኝት እንዲያውሉት። የቀድሞ ቅርፊት ላጮች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው እስከ ዛሬ ጎብኚዎችን በደን ውስጥ ድንኳን እያሳደሩ ይመራሉ፤ ከገቢው ደመወዛቸውን ያገኛሉ። ከዚህ ጎን ለጎን ቫሳንታ ሴና የሚባሉ የአካባቢው ሴቶች ያለ ክፍያ በተራ ደኑን እየዞሩ ይጠብቃሉ። አንድ ሰው የትኛውን ቅርንጫፍ ማን እንደሰበረው የሚያውቀው ለዓመታት ራሱ ሲሰብር ስለኖረ ነው፤ ስለዚህ ከእነዚህ ሰዎች የተሻለ ጠባቂ ከየትም ሊመጣ አይችልም ነበር።

ወደ ውዝግቡ እንመለስ። በነሐሴ 1979 በጉጃራት ክፍለ ግዛት የሚገኘው የማቹ ሁለተኛ ግድብ ተደርምሶ የሞርቢን ከተማ አጥለቀለቀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ ሙላፔሪያር ሰማንያ አራት ዓመት የሞላው፣ በኖራ የተያያዘ ግድብ ነበርና የኬረላ ሕዝብ ተደናገጠ። የማዕከላዊ መንግሥት ባለሙያዎች ካዩት በኋላ ማጠናከሪያ እስኪሠራ ድረስ የውኃው ደረጃ ከ152 ጫማ ወደ 136 ጫማ፣ ማለትም ከ46 ሜትር ገደማ ወደ 41 ሜትር ተኩል እንዲወርድ ተደረገ። በአናቱ ላይ የኮንክሪት ክዳን ተጫነ፤ ከላይ እስከ መሠረቱ አለት ድረስ የብረት ገመዶች ተወጥረው ታሰሩ፤ ከጀርባው ተጨማሪ የኮንክሪት ድጋፍ ተሠራ። ታሚል ናዱ ሥራው አልቋልና ደረጃው ይመለስ አለች፤ ኬረላ አይሆንም አለች።

በየካቲት 2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እስከ 142 ጫማ ፈቀደ። ኬረላ ሳምንታት ሳይቆይ ሕጓን አሻሽላ ከ136 እንዳያልፍ ደነገገች። ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2014 ይህን ሕግ ሻረ፤ 142 ጫማን አጽንቶ ግድቡን የሚከታተል ኮሚቴ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ኅዳር ውኃው ከ1979 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ 142 ጫማ ደረሰ። በክርክሩ መካከል ኬረላ ያነሣችው አንዱ ነጥብ ውኃው ከፍ ካለ እንስሳቱ የሚግጡበት ዳርቻ ይሰጥማል የሚል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። በጫማ የተነገረው ነገር በመሬት ላይ ምን እንደሚያህል ማየት ለሚፈልግ ግን ቀላል ነው፤ ዳርቻው ዘንበል ያለ ስለሆነ የስድስት ጫማ ልዩነት ሰፊ የሣር መሬት ይሸፍናል ወይም ይገልጣል።

የኬረላ ሕዝብ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ግድቡ ቢደረመስ ውኃው መጀመሪያ የሚያገኘው ቫንዲፔሪያርንና በወንዙ ዳር ያሉትን መንደሮች ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኢዱኪ ግድብ ይገባል። ኢዱኪ 169 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው፣ በሁለት ዐለታማ ኮረብቶች መካከል የተሠራ የቅስት ግድብ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚመጣበትን ውኃ ይችለዋል ወይስ አይችለውም የሚለው ጥያቄ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ጥያቄ ነው። በነሐሴ 2018 ኬረላን የመታው ጎርፍ ከ400 በላይ ሰዎች ሲገድል፣ ከሙላፔሪያር የተለቀቀው ውኃ ጉዳቱን አባብሷል አላባባሰም የሚለው ክርክር እንደገና ፍርድ ቤት ደረሰ። ኬረላ የምትጠይቀው ከአሮጌው ግድብ በታች አዲስ እንዲሠራ ነው፤ ውኃውን ከታሚል ናዱ ልትከለክል እንደማትፈልግም ደጋግማ ተናግራለች። ታሚል ናዱ በበኩሏ ግድቡ ተፈትሾ ጽኑ መሆኑ ተረጋግጧል፣ አዲስ ግድብ ማለት የውሉ ፍጻሜ ነው ብላ ትሰጋለች። በ2021 የወጣው የግድቦች ደኅንነት ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ብሔራዊ ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ መተማመንን ግን ሕግ ብቻውን አያመጣም። የግድቡ ባለቤትና ከሥሩ ያለው ነዋሪ አንድ ቢሆኑ ኖሮ የጥገናው ነገር ከዓመታት በፊት ባለቀ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እዚህ ግን ውኃ የሚጠጣው አንዱ፣ ከሥሩ የሚተኛው ሌላው ነው።

ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው የሚከተለውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ለሕክምና ወይም ለትምህርት ወደ ቼናይና ወደ ባንጋሎር የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ከቼናይ እስከ ማዱራይ በባቡር ይኬዳል፤ ከማዱራይ እስከ ኩሚሊ ደግሞ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉት ደግሞ ወደ ኮቺ የሚሄደው በረራ ይቀርባቸዋል፤ ከኮቺ መንገዱ ጠመዝማዛ ነውና አምስት ሰዓት መያዝ ይገባል። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ተጓዥ የቢጫ ወባ የክትባት ካርዱን መያዝ ግዴታው ነው፤ ያለ እሱ በአየር ማረፊያው ተይዞ ለቀናት ሊገለል ይችላል። ኩሚሊ ያለችው በሄል ተራሮች ላይ ነው፤ ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ሄል የትውልድ አገሩ ይህ ነው፣ የኮረሪማችንም ዘመድ ነው። በከተማዋ መንገድ ሲሄዱ ከየሱቁ የሚወጣው የሄል፣ የቁንዶ በርበሬና የቅርንፉድ ሽታ ከሩቅ ይቀበላል። በየትምህርት ቤታችን ያስተማሩ ህንዳውያን መምህራን በርካታዎቹ ከኬረላ የመጡ ስለነበሩ፣ ከኢትዮጵያ መምጣቱን ሲናገር «አጎቴ እዚያ አስተምሯል» የሚል ሰው ቢገጥመው ሊደንቀው አይገባም።

የአየሩ ጠባይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቀዝቀዝ ያለና የሚመች ነው፤ እንስሳ ለማየት ግን መጋቢትና ሚያዝያ ይበልጣሉ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ በዚሁ ጥብቅ ደን ውስጥ ወዳለው የሳባሪማላ ቤተ መቅደስ ሚሊዮኖች ስለሚጓዙ ኩሚሊ ትጨናነቃለች፣ መኝታም ይወደዳል። በክረምት በእግር የሚሄድ ሰው አልቅት ይጠብቀዋል፤ መሪዎቹ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም የጨርቅ ካልሲ ይሰጣሉ፣ እሱንም ሱሪው ላይ አጥብቆ ማሰር ነው። እኔ ብጠየቅ ከጀልባው ይልቅ የቀርከሃውን ታንኳ እመርጣለሁ። ጥቂት ሰዎች ብቻ ከነባር ሕዝቡ ከሆኑ መሪዎችና ከአንድ የታጠቀ የደን ጠባቂ ጋር በማለዳ በእግር ይነሣሉ፤ ከዚያ በቀርከሃ ታንኳ እየቀዘፉ ሞተር በሌለበት ጸጥታ ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። በትልቁ ጀልባ የሚሄድ ደግሞ የሚሰጠውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይፈታ፣ ከወንበሩም ሳይነሣ መጓዝ አለበት። መስከረም 30 ቀን 2009 ተሳፋሪዎች እንስሳ ለማየት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ጀልባ ተገልብጦ 45 ሰዎች በዚህ ሐይቅ ሞተዋል። መሪው «ተቀመጡ» ሲል ዝሆን ቢታይም መቀመጥ ነው።

ጊዜ ያለው ሰው በመጨረሻው ቀን ከኩሚሊ ወደ ታሚል ናዱ የሚወርደውን መንገድ ይያዝ። ድንበሩ ከከተማው ገበያ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ ደኑ ይሳሳል፣ አየሩ ይሞቃል፣ ከተራራው ገጽ ላይ ቁልቁል የተዘረጉት ግዙፍ የብረት ቧንቧዎች ይታያሉ። ከሥራቸው ሎወር ካምፕ አለ። እዚያ ታሚል ናዱ ለፔኒኩዊክ የመታሰቢያ አዳራሽ ሠርታለታለች፤ በውስጡ ሐውልቱ ቆሟል። የልደቱ ቀን ጥር 15 ከመከር በዓላቸው ከፖንጋል ጋር ስለሚገጥም ገበሬዎቹ በዚያ ተሰብስበው የፖንጋልን ሩዝ ያበስላሉ። ከአዳራሹ አለፍ ብሎ የካምባም ሸለቆ ይጀምራል፤ ማለዳ ዝሆኖቹ ሲጠጡት የነበረው ውኃ በቦዩ እየተንቆረቆረ በሩዙ ማሳ መካከል ያልፋል፣ ገበሬውም በአካፋ አፈር እየከፈተ ወደየመደቡ ይመራዋል።